በአምስት ሳንቲም የተሠራ ሰማይ ጠቀስ ሕንፃ

የኒው ዮርኩ የዉልወርዝ ሕንፃና ለነጋዴ የሚሰጠው ትምህርት

በኒው ዮርክ ከተማ፣ ማንሃታን በተባለው ደሴት ደቡባዊ ክፍል፣ ከከተማው ማዘጋጃ ቤት መናፈሻ ፊት ለፊት፣ ብሮድዌይ በሚባለው አውራ ጎዳና በቁጥር 233 ላይ የዝኆን ጥርስ መልክ ያለው አንድ ረጅም ሕንፃ ቆሟል። ቁመቱ 241 ሜትር ነው። ከ1913 እስከ 1930 ዓ.ም. ድረስ በዓለም ላይ ከነበሩት ሕንፃዎች ሁሉ በቁመት የሚበልጠው እርሱ ነበር። ዛሬ በዙሪያው ከእርሱ እጅግ የሚረዝሙ ሌሎች ሕንፃዎች ስለ ተሠሩ፣ በቁመቱ የሚደነቅበት ዘመን አልፏል። ሆኖም ለንግድ ሰው ከረጃጅሞቹ ሁሉ ይልቅ ይኸው ሕንፃ የሚናገረው ነገር አለው። ያሠራው ንጉሥ ወይም መንግሥት አይደለም፤ መርፌና ክር፣ ማበጠሪያና ሳሙና፣ ሳህንና የልጆች መጫወቻ በአምስትና በዐሥር ሳንቲም የሚቸረችር ባለሱቅ ነው።

ሕንፃው በአሠሪው ስም የዉልወርዝ ሕንፃ ይባላል። ለንግድ ጉዳይ ወደ ኒው ዮርክ የሚሄድ አስመጪ ወይም ላኪ ከጉዳዩ ጥቂት ሰዓት ቢተርፈው፣ ይህን ሕንፃ ማየቱ ከመዝናናት ያለፈ ጥቅም ይሰጠዋል። መሄድ የማይቻለው ባለሱቅም ቢሆን ታሪኩን ቢያውቅ ከራሱ ሱቅ ሥራ ጋር የሚያመዛዝነው ብዙ ነገር ያገኝበታል። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በኤውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ባለሱቁ

ሚስተር ፍራንክ ዉልወርዝ በ1852 ዓ.ም. በኒው ዮርክ ግዛት፣ ሮድማን በምትባል የገጠር ቀበሌ ከገበሬ ቤተ ሰብ ተወለዱ። የእርሻ ሥራ ልባቸውን ስላልሳበው በ1873 ዓ.ም. ዋተርታውን ወደምትባለው ከተማ ሄደው በአንድ የጨርቃ ጨርቅ መደብር ገቡ። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ወራት ያገለገሉት ያለ ደመወዝ ነበር። በሽያጭም በኩል የተዋጣላቸው ሰው አልነበሩም፤ ገዢን በአንደበት ማባበል አይሆንላቸውም። የሚሆንላቸው ዕቃውን በመስኮትና በጠረጴዛ ላይ አሳምሮ መደርደር ነበር። በጊዜው እንደ ጉድለት የታየው ይህ ጠባያቸው በኋላ የሀብታቸው መነሻ ሆነ።

በ1878 ዓ.ም. በዚያው መደብር ውስጥ አንድ ጠረጴዛ ተዘጋጅቶ፣ ጥቃቅን ዕቃዎች በላዩ ተደረደሩና ማንኛውም ዕቃ 5 ሳንቲም ነው የሚል ማስታወቂያ ቆመበት። ገዢው ሻጭ ሳይጠብቅ ዕቃውን በእጁ እያነሣ እየመረጠ ገዛ፤ ጠረጴዛውም ባዶ ቀረ። ወጣቱ ዉልወርዝ ይህን አይተው፣ እንዲህ ያለው አንድ ጠረጴዛ አንድ ሙሉ ሱቅ ቢሆን ምን ይከለክለዋል ሲሉ አሰቡ። አሠሪያቸው ሚስተር ዊልያም ሙርም 300 ዶላር ያህል የሚያወጣ ዕቃ በዱቤ ሰጧቸው። እርሳቸውም በፌብሩዋሪ 22 ቀን 1879 ዓ.ም. ዩቲካ በምትባለው ከተማ የመጀመሪያውን የአምስት ሳንቲም ሱቅ ከፈቱ።

ይህ የመጀመሪያ ሱቅ ከሰረ። ሰው ለአዲስነቱ ሲል ጥቂት ሳምንት ከተመላለሰ በኋላ ቀረ፤ ቦታውም ሰው ከሚበዛበት የገበያ መንገድ ወጣ ያለ ነበር። ሚስተር ዉልወርዝ ግን የከሰረው አሳቡ ሳይሆን ቦታው ነው ብለው ስላመኑ፣ ዕዳቸውን ከፍለው የተረፈውን ዕቃ ጭነው በፔንሲልቬንያ ግዛት ወደምትገኘው ወደ ላንካስተር ሄዱ። በጁን 21 ቀን 1879 ዓ.ም. በዚያ የከፈቱት ሱቅ በመጀመሪያው ቀን ብቻ 127 ዶላር ከ65 ሳንቲም ሸጠ። እያንዳንዱ ዕቃ በ5 ሳንቲም ሲታሰብ፣ በአንድ ቀን 2,553 ዕቃ ከሱቁ ወጣ ማለት ነው። ባለሱቅ የሆነ ሁሉ ይህን ቁጥር ሲሰማ፣ ስንት እጅ እንደ ዘረጋና ስንት ሳንቲም እንደ ተቆጠረ በዓይነ ኅሊናው ያየዋል።

የአሠራሩ ምስጢር

በዚያ ዘመን በብዙ መደብር የነበረው ልማድ ዕቃውን ከባንኮኒ ጀርባ ማስቀመጥ፣ ገዢው ሲጠይቅ ማውረድ፣ በዋጋውም መከራከር ነበር። በአገራችን ገበያም የመጨረሻውን ንገረኝ የሚለው ቃል ከገዢ አፍ የማይጠፋ ስለ ሆነ፣ ይህ ልማድ ለማንም እንግዳ አይሆንበትም። ሚስተር ዉልወርዝ ሦስት ነገር ለወጡ። ዋጋውን አስቀድመው ቆርጠው ጻፉት፤ ዕቃውን ገዢው በእጁ ሊነካው በሚችልበት ጠረጴዛ ላይ ዘረጉት፤ ሽያጩን ሁሉ በጥሬ ገንዘብ አደረጉት። ክርክር ሲቀር ጊዜ ተረፈ፤ ዱቤ ሲቀርም ገንዘቡ በዚያው ሳምንት ወደ አዲስ ዕቃ ተመለሰ። ከአንዱ ዕቃ የሚገኘው ትርፍ እጅግ ጥቂት ቢሆንም፣ ዕቃው ቶሎ ቶሎ ስለሚወጣና ስለሚተካ ትርፉ ተደማምሮ ብዙ ሆነ። ቀስ በቀስ ዕንቁላል በእግሩ ይሄዳል የሚለው የአባቶች ተረት በዚህ ሱቅ ሥራ ላይ ዋለ።

ሆኖም በ5 ሳንቲም የሚሸጥ ዕቃ ከ5 ሳንቲም እጅግ ባነሰ ዋጋ መገዛት አለበት። የሚስተር ዉልወርዝ እውነተኛ ችሎታ የታየው በሽያጩ ሳይሆን በግዢው ነው። በ1880 ዓ.ም. ፊላዴልፊያ ከሚገኝ አስመጪ ከጀርመን አገር የመጡ የገና ዛፍ ጌጦችን እያመነቱ ጥቂት ገዙ፤ ማን ይገዛዋል ብለው የጠረጠሩት ዕቃ ወዲያው አለቀባቸው። በ1890 ዓ.ም. ወደ ኤውሮፓ ራሳቸው ተሻገሩና ጌጦቹ ወደሚሠሩበት ወደ ጀርመን አገር ሄዱ። ላውሻ በምትባለው የተራራ መንደርና በአካባቢዋ ቤተ ሰቦች በየቤታቸው ተቀምጠው መስታወት በእሳት እያለሰለሱ፣ በትንፋሽ እየነፉ ጌጥ ያወጡ ነበር። ሚስተር ዉልወርዝ በመካከል ያለውን ደላላ አልፈው ከምንጩ ስለ ገዙ፣ አስቀድሞ የሀብታም ቤት ጌጥ የነበረውን ዕቃ ለሠራተኛው ቤት በሳንቲም ለማቅረብ ቻሉ። ከዚያ በኋላ የግዢ ጉዞው የየጊዜው ሥራ ሆነ፤ የዕቃው ብዛትም በዋጋ ለመነጋገር ኀይል ሰጣቸው።

ከተወዳዳሪዎቻቸው ጋር የነበራቸው ግንኙነትም ሊታሰብበት የሚገባ ነው። ወንድማቸው ቻርልስ፣ ዘመዳቸው ሲሞር ኖክስ፣ ባልንጀሮቻቸው ፍሬድ ከርቢና ኧርል ቻርልተን እያንዳንዳቸው በየራሳቸው ስም ተመሳሳይ ሱቆች ከፍተው ነበር። እርስ በርሳቸው ዋጋ እየሰበሩ ከመጠፋፋት ይልቅ፣ ተስማምተው በየአካባቢያቸው ሠሩ። በመጨረሻም ሁሉም ከዉልወርዝ ጋር ተጠቃለሉ። ስምምነቱ በ1911 ዓ.ም. ተደርጎ በ1912 ዓ.ም. መጀመሪያ በሥራ ላይ ሲውል፣ አዲሱ ኩባንያ 596 መደብሮችና 65 ሚሊዮን ዶላር ካፒታል ነበረው። ከተጠቃለሉት መካከል በ1879 ዓ.ም. የ300 ዶላሩን ዕቃ በዱቤ የሰጡት የሚስተር ሙር መደብር አንዱ ነበር። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንደሚባለው ነው።

ሕንፃው ለምን ተሠራ

ሚስተር ዉልወርዝ ሕንፃ ለመሥራት ሲነሡ፣ በኒው ዮርክ ታላላቅ ኩባንያዎች በቁመት ይፎካከሩ ነበር። በስፌት መኪናው በአገራችንም የታወቀው የሲንገር ኩባንያ በ1908 ዓ.ም. 187 ሜትር ያህል የሚረዝም ሕንፃ አቆመ። በሚከተለው ዓመት ሜትሮፖሊታን ላይፍ የተባለው የኢንሹራንስ ኩባንያ በ213 ሜትር በለጠው። ሚስተር ዉልወርዝ በኤውሮፓ ሲዘዋወሩ ሰዎች ስለ ሲንገር ሕንፃ አዘውትረው ይጠይቋቸው እንደ ነበረና ይህም ለአንድ ንግድ ቤት ምን ያህል ማስታወቂያ እንደሚሆን እንዳስተዋሉ ይተረካል። መጀመሪያ ያሰቡት ሕንፃ መካከለኛ ቁመት ያለው ነበር። ዕቅዱ እየሰፋ ሄዶ ግን ከሜትሮፖሊታኑ እንዲበልጥ ተወሰነ።

ንድፉን ያወጡት አርክቴክቱ ሚስተር ካስ ጊልበርት ናቸው። የብረቱን አቋም ያሰሉት ኢንጂነር ጉንቫልድ አውስ ሲሆኑ፣ የሥራ ተቋራጩ በሚስተር ሉዊስ ሆሮዊትዝ የሚመራው የቶምሰን ስታሬት ኩባንያ ነበር። የቦታው አፈር ልል ስለ ነበረ፣ የመሠረቱ ምሰሶዎች ከ30 ሜትር በላይ ወደ ታች ተቆፍረው ከጽኑ አለት ላይ እንዲያርፉ ተደረገ። ከመሠረቱ በላይ የቆመው የብረት አቋም በውጭ በኩል ቴራኮታ በሚባል በእሳት በተጠበሰ ሸክላ ተሸፈነ። ሸክላው በጥንት የኤውሮፓ ካቴድራሎች አሠራር፣ ጎቲክ በሚባለው ስልት ስለ ተቀረጸ፣ ከሩቅ ለሚያየው ሕንፃው ድንጋይ የተጠረበ ቤተ ክርስቲያን ይመስላል።

ወጪው 13 ሚሊዮን ተኩል ዶላር ሆነ። ሚስተር ዉልወርዝ ሱቃቸውን በጥሬ ገንዘብ እንደ መሩ፣ ሕንፃውንም ቤቱን በመያዣ አስይዘው ሳይበደሩ በጥሬ ገንዘብ ከፈሉ። ይህ ገንዘብ በአምስት ሳንቲም ቢቆጠር 270 ሚሊዮን ሳንቲሞች ይሆናል። የሕንፃው ኪራይ የወጣበትን ገንዘብ የሚያህል ትርፍ እንደማይሰጥ ተቋራጩ አስጠንቅቀዋቸው ነበር። እርሳቸው ግን ሕንፃው በዓለም ሁሉ የሚታይ ማስታወቂያ ስለ ሆነ፣ በኪራይ መዝገብ የማይጻፍ ትርፍ አለው ባይ ነበሩ። ኩባንያቸው ከሕንፃው የያዘው ጥቂቱን ክፍል ብቻ ሲሆን፣ የቀረው ለባንክና ለልዩ ልዩ ቢሮዎች ተከራየ።

በአፕሪል 24 ቀን 1913 ዓ.ም. ምሽት የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ውድሮው ዊልሰን በዋሽንግተን ሆነው አንድ ቁልፍ ሲጫኑ፣ በኒው ዮርክ የሕንፃው 80,000 አምፖሎች በአንድ ጊዜ በሩ። በ27ኛው ፎቅ ላይ 900 ያህል እንግዶች ራት ተጋብዘው ነበር፤ ግብዣውም የተደረገው ለአርክቴክቱ ክብር ነው። ኤስ. ፓርክስ ካድማን የተባሉ የብሩክሊን ሰባኪ የንግድ ካቴድራል ብለው የሰየሙት ሲሆን፣ ይህ ቅጽል ስም እስከ ዛሬ አልጠፋም።

ጎብኚው የሚያየው

ሕንፃውን ለማየት የተሻለው ቦታ በፊቱ ያለው የማዘጋጃ ቤቱ መናፈሻ ነው። ከዚያ ሆኖ ቀና ያለ ሰው፣ ሰፊው የታችኛው ክፍል እየጠበበ ወደ ግንብ፣ ግንቡም ወደ አረንጓዴው የመዳብ ክዳን እንዴት እንደሚያድግ በአንድ ጊዜ ይመለከታል። በቅርብ ሲታይ የሸክላው ቅርጽ በቅጠልና በሐረግ ያጌጠ ነው።

ከሁሉ የሚያስደንቀው ግን የምድር ቤቱ አዳራሽ ነው። አዳራሹ በመስቀል ቅርጽ የተሠራ ሲሆን፣ ግድግዳው ስኪሮስ ከተባለው የግሪክ ደሴት በመጣ እብነ በረድ ተለብጧል። ጉልላቱና ጣሪያው በወርቅማ፣ በሰማያዊና በአረንጓዴ የመስታወት ሞዛይክ የተሸፈነ ነው። በላይኛው ሰገነት አንዱ ሥራን፣ ሁለተኛው ንግድን በሰው አምሳል የሚያሳዩ ሁለት ሥዕሎች ይታያሉ። ንጉሥና መልአክ ይሣልበት በነበረ ቦታ ንግድ ተሥሎበታል።

ከጣሪያው ሥር፣ በወጋግራዎቹ ጫፍ ላይ ደግሞ ሕንፃውን የሠሩት ሰዎች በቀልድ መልክ ተቀርጸዋል። ኢንጂነሩ የብረት ወጋግራ ይለካሉ፤ አርክቴክቱ የሕንፃውን ትንሽ አምሳያ ታቅፈው ይመለከታሉ፤ ክፍሎቹን ያከራዩት ወኪልም አልተረሱም። ሚስተር ዉልወርዝ ራሳቸው ተጎንብሰው ሳንቲም ይቆጥራሉ። የዓለምን ረጅሙን ሕንፃ ያሠራ ባለጸጋ፣ ልጅነቱን የሚያስታውስ ቀልድ በራሱ አዳራሽ ውስጥ እንዲቀመጥ መፍቀዱ ስለ ሰውየው ብዙ ይናገራል። ይሁን እንጂ ሚስተር ዉልወርዝ ክብርን የማይወዱ ሰው አልነበሩም፤ በ24ኛው ፎቅ የነበረው ቢሮአቸው በፈረንሣይ አገር ከሚገኝ የናፖሌዎን ቤተ መንግሥት ክፍል ተቀድቶ የተሠራ ነበር።

የሕንፃው መገልገያም በጊዜው እንደ ታምር የሚቆጠር ነበር። አሳንሰሮቹ ድንገት ቢወድቁ የሚወርዱበት ጉድጓድ አየሩን አምቆ እንዲያበርዳቸው ሆኖ ተሠርቷል፤ በምድር ውስጥ የመዋኛ ገንዳና ወደ ከተማው የምድር ባቡር የሚያወጣ መተላለፊያ ነበር። በጫፉ አጠገብ የነበረው የመመልከቻ ሰገነት ለብዙ ዓመታት እንግዶችን ካስተናገደ በኋላ፣ አሜሪካ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ውስጥ በገባችበት በ1941 ዓ.ም. ተዘጋ፤ ከዚያ ላይ የወደቡ መርከቦች ሁሉ ይታዩ ነበርና።

የተከለከለው ወንበር

የዉልወርዝ ስም የሚነሣበት ሌላም ታሪካዊ ሕንፃ አለ፤ እርሱ ግን ሰማይ ጠቀስ አይደለም። በሰሜን ካሮላይና ግዛት፣ በግሪንስቦሮ ከተማ የሚገኝ ተራ የዉልወርዝ መደብር ነው። በደቡባዊው የአሜሪካ ክፍል በነበረው የዘር ልዩነት ልማድ መሠረት፣ ጥቁር ገዢ በዚህ መደብር ሳሙናም የጥርስ ቡሩሽም ቢገዛ ገንዘቡን ይቀበሉት ነበር፤ በምሳው ባንኮኒ ግን መቀመጥ አይፈቀድለትም። በፌብሩዋሪ 1 ቀን 1960 ዓ.ም. አራት ጥቁር ተማሪዎች አስቀድመው ጥቃቅን ዕቃ ገዝተው ደረሰኛቸውን ከያዙ በኋላ፣ ከምሳው ባንኮኒ ተቀምጠው ቡና አዘዙ። አልተሰጣቸውም፤ እነርሱም መደብሩ እስኪዘጋ ድረስ አልተነሡም። በማግስቱ ብዙ ሆነው ተመለሱ፤ በጥቂት ሳምንትም ውስጥ ነገሩ በደቡብ ግዛቶች ወደሚገኙ ብዙ ከተሞች ተዛመተ።

የተማሪዎቹ ጥያቄ የፖለቲካ ብቻ አልነበረም፤ የንግድም ጥያቄ ነበር። አንዱ ባንኮኒ ገንዘቤን ከተቀበለ፣ ሁለተኛው ስለ ምን ይመልሰኛል የሚል ነው። ለሁሉ አንድ ዋጋ ብሎ የተነሣ ንግድ ቤት ለዚህ መልስ አልነበረውም። መደብሩ ገዢ እየራቀው ብዙ ገንዘብ ከከሰረ በኋላ፣ በጁላይ 25 ቀን 1960 ዓ.ም. ባንኮኒውን ለሁሉ ከፈተ። ያ ሕንፃ ከ2010 ዓ.ም. ጀምሮ የሰብዓዊ መብት ሙዚየም ሆኗል። የኒው ዮርኩን ግንብ የሚያይ ነጋዴ ይህንንም ማስታወስ ይገባዋል፤ በሚሊዮን ዶላር የተገዛ ማስታወቂያ ሊያጠፋው የማይችለውን ነውር አንድ የተከለከለ ወንበር በአንድ ቀን ለዓለም ሊያሳይ ይችላልና።

መደብሩ ሲዘጋ

ሚስተር ዉልወርዝ በ1919 ዓ.ም. ሲሞቱ የመደብሮቹ ቁጥር ከ1,000 በላይ ነበር። ኩባንያው ከፍተኛውን ዋጋ ለብዙ ዓመታት በ10 ሳንቲም ወስኖ ከኖረ በኋላ፣ በ1932 ዓ.ም. የ20 ሳንቲም ዕቃ ጨመረ፤ በ1935 ዓ.ም. ደግሞ ወሰኑን ጨርሶ አነሣው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ግን የአሜሪካ ገዢ ጠባዩና መኖሪያው ተለወጠ። ሰው መኪና ገዝቶ ከመካከለኛው ከተማ ወደ ዳርቻው ወጣ፤ መኪናውን የሚያቆምበት ሰፊ ሜዳ ያለው ትልቅ መደብርም ፈለገ። የዉልወርዝ ሱቆች የነበሩት ግን በየከተማው መካከል፣ መስኮታቸውን ወደ እግረኛው መንገድ አዙረው ነው።

ኩባንያው ይህን ለውጥ አላየም ማለት አይቻልም። በ1962 ዓ.ም. ዉልኮ የተባሉ ትልልቅ የቅናሽ ዋጋ መደብሮችን ከፈተ። በዚያው ዓመት ሌሎች ሦስት ነጋዴዎች ተመሳሳይ ሥራ ጀመሩ፤ መደብሮቻቸውም ኬማርት፣ ታርጌትና ዋልማርት ይባላሉ። ከአራቱ አስቀድሞ የወደቀው የታላቁ ስም ባለቤት ነው፤ በአሜሪካ የነበሩት የዉልኮ መደብሮች በ1983 ዓ.ም. ተዘግተው አልቀዋል። በ1997 ዓ.ም. ደግሞ ኩባንያው በአሜሪካ የቀሩትን 400 ያህል የዉልወርዝ መደብሮች በሙሉ እንደሚዘጋ አስታወቀ። በ1998 ዓ.ም. ሕንፃው በ155 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ።

ኩባንያው ራሱ ግን አልሞተም። በ1963 ዓ.ም. ኪኒ የሚባል የጫማ ንግድ ድርጅት ገዝቶ ነበር፤ ከዚህ ክፍል በ1974 ዓ.ም. ፉት ሎከር የተባለው የስፖርት ጫማ መደብር ተወለደ። እናቲቱ መደብር ስትዘጋ ልጂቱ ቤቱን ወረሰች፤ ኩባንያውም ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ ፉት ሎከር ተብሎ ተጠራ። የዉልወርዝ ስም ደግሞ በጀርመን አገር ቀርቷል። በዚያ የመጀመሪያው መደብር የተከፈተው በ1927 ዓ.ም. በብሬመን ከተማ ሲሆን፣ ድርጅቱ ከአሜሪካው ተለይቶ በዚሁ ስም ርካሽ ዕቃ ይሸጣል። ሚስተር ዉልወርዝ የገና ጌጥ ፍለጋ የተጓዙበት አገር ስማቸውን ከትውልድ አገራቸው ይልቅ ጠበቀላቸው።

ሕንፃውን ማቆየትም ያለ ወጪ አልሆነም። ከጊዜ ብዛት ውሃ በሸክላው ስንጥቅ እየገባ ብረቱን ስላዛገው፣ ከ1977 እስከ 1981 ዓ.ም. በተደረገው እድሳት 26,000 ያህል የሸክላ ቁራጮች ተነሥተው በሌላ ተተኩ፤ ለዚህም 22 ሚሊዮን ዶላር ያህል ወጣ። ይህ ሕንፃው ራሱ ከፈጀው ገንዘብ በቁጥር የበለጠ ነው። በ1966 ዓ.ም. የአገሪቱ መንግሥት፣ በ1983 ዓ.ም. ደግሞ የኒው ዮርክ ከተማ በታሪካዊ ቅርስነት መዘገቡት። በሴፕቴምበር 11 ቀን 2001 ዓ.ም. በአጠገቡ የነበሩት ሁለቱ የዓለም የንግድ ማእከል ሕንፃዎች ሲወድቁ፣ እርሱ መብራትና ስልኩ ተቋርጦ ቢሰነብትም ጸንቶ ቆመ። በ2012 ዓ.ም. የላይኞቹ 30 ፎቆች በ68 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠው ወደ መኖሪያ ቤትነት ተለወጡ፤ በታችኛው ክፍል የቢሮ ሥራ ቀጠለ። ከሲንገር ሕንፃ ጋር ሲነጻጸር ዕድለኛ ነው፤ ያ በ1968 ዓ.ም. ፈርሶ በቦታው ሌላ ተሠርቶበታልና።

ለጎብኚ የሚጠቅም ማሳሰቢያ

የሕንፃው ውጭ በማንኛውም ሰዓት ይታያል። አዳራሹ ግን የግል ይዞታ ስለ ሆነና ከ2001 ዓ.ም. ወዲህ ጥበቃው ስለ ጠበቀ፣ ጉዳይ የሌለው ሰው እንዲሁ ሊገባበት አይችልም። በኋላ በአስጎብኚ የሚመራ ጉብኝት ስለ ተዘጋጀ፣ ለማየት የሚፈልግ ሰው ከጉዞው በፊት ጠይቆና ቦታ ይዞ ቢሄድ ከበሩ አይመለስም። የገባም እንደ ሆነ አንገቱን ቀና አድርጎ፣ ሳንቲም የሚቆጥሩትን ባለሱቅ ከጣሪያው ሥር ይፈልጋቸው።

የዚህ ሕንፃ ታሪክ ለነጋዴ ሁለት ነገር ያስተምራል። አንደኛው፣ ትንሽ ትርፍ የሚናቅ ትርፍ አለመሆኑ ነው፤ የተቆረጠ ዋጋ፣ ያልተጓተተ ሽያጭና ከምንጩ የተገዛ ዕቃ አምስት ሳንቲምን 241 ሜትር ያደርሳሉ። ሁለተኛው፣ የቆመ ሕንፃ ሥራን ሊተካ አለመቻሉ ነው። ሚስተር ዉልወርዝ ከዩቲካ ወደ ላንካስተር የተሻገሩት ገዢውን ተከትለው ነበር፤ ወራሾቻቸው ግን ገዢው መኪናውን አስነሥቶ ከከተማው ሲወጣ ዘግይተው ነው የተከተሉት። ወንበር የከለከሉትም ያንኑ ገዢ ነው። ሱቅ ከፍቶ የሚያድር ሰው የእነዚህን ዓመታት መዝገብ ከራሱ መዝገብ ጎን አድርጎ ቢያነበው፣ ዛሬ ገዢዬ የሚሄደው ወዴት ነው፣ ከበሬስ ቅር ብሎት የተመለሰ አለን ብሎ መጠየቁ አይቀርም።